ነጻ ጋዜጣ

መጥረጊያዋን ግንቡ ላይ ካስደገፈች ተናዳለች ማለት ነው። የፍኖተ ሰላምን መናኸሪያ የምትጠርገውን ይህችን ሴት ስሟን ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ከቀሚሷ በላይ የሚሰፋትን የወንድ ኮት ደርባ፣ ጎንበስ ብላ፣ በነጻ የሚታደለውን ጋዜጣ በእጇ ትለቅማለች። ተሳፋሪው በአንዱ መስኮት ይቀበለዋል፣ በሌላው ይወረውረዋል።

ሌላ ቆሻሻ ቢሆን ጠርጋ፣ ከሸንኮራ ልጣጩ ጋር አቃጥላ በተገላገለች። ግን አሳታሚዎቹ በዓል በመጣ ቁጥር «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው እመቤታችንን ከነልጇ ያትሙበታል። ታዲያ እሷን በመጥረጊያ ይገፏታል? እሳት ውስጥስ ይጥሏታል?

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የምትረግጡት ማንን እንደሆነ እዩ!» ትጮኻለች። ሰው እግሩን ያነሳና ሌላ ጋዜጣ ላይ ይቆማል።

ጭቃውን በኮቱ እጅጌ ትጠርጋለች። ሁልጊዜ ከልጁ ፊት ትጀምራለች፤ እሱ ላይ ትቆያለች። ከዚያ ስማ ደረቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። የቤቷ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተለጥፎበት ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን ብትወስደውም ቄሱ «እኛስ የት እናድርገው?» ብለዋታል።

ዛሬ ደግሞ ጋዜጣ የሚያድለው ጎረምሳ አዲሱን የበዓል እትም ይዞ ፊቷ ቆመ።

«እንኩ እትዬ፣ ነጻ ነው!»

«ነጻ ነው ትላለህ፤ ግቢው መቼ ነጻ?»

ሰሙን እንጂ ወርቁን አልሰማም፤ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ልትመልሰው አሰበች። ግን ካልተቀበለችው መሬት መውደቁ ነው። እያጉረመረመች ወሰደችው፤ ሥዕሉ ላይ፣ ገና ጭቃ ያልነካውን የልጁን ፊት በእጅጌዋ ጠረገች።