እጄን ሰብስቤ መቀመጥ ያቃተኝ ቀን

ሲኞራን ከቤታቸው ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው አይደለችም፣ ሐኪሙም አይደለም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የሰማ ሁሉ «አክብረሽ ነው እንጂ ምን አጠፋሽ» ብሎ ሊያጽናናኝ እንደሚችል ሳስበው ጭራሽ ያናድደኛል።

ሲኞራ የምላቸው ትልቅ ሰው በስም መጥራት ስለማይሆንልኝ ነው። ከደቡብ ጣሊያን በሙሽርነት መጥተው፣ ኦክላንድ ውስጥ ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ባለች ትንሽ ቤት ሃምሳ ዓመት ገደማ ኖረዋል። ቤቷን የገዙት እሳቸውም ባለቤታቸውም ፍራፍሬ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ነው። ባላቸው ሞቱ፣ አንዲት ልጃቸው አግብታ ሳን ሆዜ ገባች፣ እሳቸው ከጓሮ በለሳቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። እኔ በየቀኑ እየመጣሁ ለአራት ሰዓት ያህል የምረዳቸው ሠራተኛ ነበርኩ። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኜ በጣሊያኖቹ ቃል ላቫንዲኖ፣ ሳልሳ ማለቴ በመጀመሪያው ቀን አሳቃቸው። የቀረውን በሁለታችን ስብርባሪ እንግሊዝኛ እንግባባ ነበር።

በየበሩ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ሰሌዳ በተተከለበት በዚያ ዓመት፣ ሲኞራ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። ምንም አልተሰበሩም፤ ልጃቸው ግን እንቅልፍ አጣች። ከቢሮዋ ሆና በየሰዓቱ ትደውላለች፣ ስልኩ ቶሎ ካልተነሳ 880 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛ ከች ነው። በመጨረሻ «ማማ፣ እኔ አጠገብ ያለው የአረጋውያን ቤት ትገቢያለሽ» አለቻቸው።

«ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው» አሉ ሲኞራ።

ሐኪሙ አንድ መላ አመጣ። አረጋውያን ብቻቸውን መኖር ይችሉ እንደሆነ የምትመዝን አንዲት ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ ታያቸዋለች። ከወንበር ተነስተው፣ ምሳቸውን አብስለው፣ ጋዙን አጥፍተው፣ ጠረጴዛ ላይ አቅርበው ከበሉ ይቆያሉ። ካልሆነ ሳን ሆዜ ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም አይረዳቸውም።

ሁለት ሳምንት ተለማመድን። ልምምድ የሚያስፈልገው ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ ነበር። እሳቸው ከወንበር ሲነሱ እኔም ብድግ እላለሁ፤ ድስት ሊያነሱ ሲሉ እጄ ቀድሞ ይደርሳል። «ቁጭ በይ» ይሉኛል። እሺ ብዬ ተቀምጬ ደግሞ እነሳለሁ። ትልቅ ሰው ቆሞ እየሠራ እኔ እግሬን አጣምሬ ልቀመጥ? እናቴ ብታየኝ ከመቃብር ተነስታ ትቆነጥጠኛለች። ልጄም ቤታችን ውስጥ «ማም፣ ጀስት ሲት ዳውን» እያለች የምትጮህብኝ በዚሁ አመሌ ነው። አንድ ቀን ሲኞራ መረራቸውና ክንዴን ከወንበሩ ጋር በሽርጣቸው አሰሩኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ቋጠሮውን ግን የምር አጥብቀውት ነበር።

ባለሙያዋ ሐሙስ ረፋዱ ላይ መጣች። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ቆመች። ልጃቸው በሩን ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች። እኔ ጠረጴዛው ጋ ሁለት እጄን ታፋዬ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ።

ሲኞራ በሦስተኛው ሙከራ ከወንበሩ ተነሱ። ጋዙ ቀጭ ቀጭ አለ፣ እንቢ አለ፣ ከዚያ ተያያዘ። ውሃው ሲፈላ ፓስታውን ጨመሩ። ከባዱን ድስት ላለማንሳት ፓስታውን በጭልፋ እያወጡ ሁለት ሳህን ላይ አደረጉ። ይህን ብልሃት ያሰቡት ራሳቸው ናቸው፣ እኔም ያኔ ነው ያየሁት። ጋዙን አጠፉ። ባለሙያዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ልጃቸው እንኳ ሳታስበው ፈገግ አለች። የቀረው እስከ ጠረጴዛው ያለው አምስት እርምጃ ነበር።

ሲኞራ ግን እንግዳ ሳያበሉ በልተው አያውቁም። የመጀመሪያውን ሳህን ይዘው ወደ ራሳቸው ቦታ አልሄዱም፤ ወደ እኔ መጡ። ይህን አልተለማመድንም ነበር። ሰማንያን ያለፉ ሴት የእኔን ምሳ ይዘው ፊቴ ቆመዋል። እጆቼ ከታፋዬ ሥር መቼ እንደወጡ አላውቅም። «ኧረ በሞቴ!» አልኩ በአማርኛ። ሳህኑን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ክንዳቸውን ደግፌ አስቀመጥኳቸው፣ የእሳቸውንም ሳህን እኔው አመጣሁ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ትረጃቸዋለሽ?» አለችኝ ባለሙያዋ።

«አይ፣ ዛሬ ብቻ ነው» ብዬ ቢሆን ምናልባት ይተርፉ ነበር። እኔ ግን ስለ ሥራዬ የጠየቀችኝ መሰለኝ። በልጃቸው ፊት ሰነፍ እንዳልባል ቸኮልኩ።

«ኦልዌይስ» አልኩ ኮራ ብዬ። «እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ብርጭቆ እንኳ አንስተው አያውቁም።»

ውሸቴን ነበር። በየቀኑ ያነሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ከእኔም ጋር ይጣላሉ። ባለሙያዋ ጻፈች። ሲኞራ ሹካቸውን ሳይጎርሱበት መልሰው አስቀመጡ። ደስ ይላታል ያልኳት ልጃቸው መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተች፤ ልቅሶዋ በውሃው ድምፅ መሃል ይሰማኝ ነበር።

በለሱ ሳይበስል ሳን ሆዜ ገቡ። ቤቱ ከመሸጡ በፊት ከጓሮው አንድ ዘንቢል በለስ ለቅሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ክፍላቸው ንጹሕ ነው፤ እዚያ ሁሉም ነገር ይደረግላቸዋል።

«ቁጭ በይ» አሉኝ ገና እንደገባሁ።

ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን አልጋውን ተመርኩዘው ተነሱ። ከላቫንዲኖው ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቀድተው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን እየያዙ ወደ እኔ መጡ። ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ ጫማዬንም አራሰው። የወንበሩን ክንድ ጨብጬ ጠበቅኩ። ዕንባዬ መጣ፣ እሱንም አልጠረግኩም። ብርጭቆውን እጄ ላይ አደረሱልኝ።

«አየሽ» አሉኝ፣ «ትችያለሽ።»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የተረፈውን ውሃ ተቀምጬ ጠጣሁት።