የኮርያ ልጆችና የሐሙስ ውሃ

እኔ በመርሳ ዳርቻ የውሃ አባት ነኝ። የውሃ አባት ማለት ከወንዙ በተጠለፈው ቦይ ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ማሳውን እንደሚያጠጣ ተራ የሚያወጣ ሰው ነው። ውሃ ለቆ የሰው ማሳ ያበላሸ አንድ ቀን ሙሉ የቦዩን ደለል ይጠርጋል። ይህን ቅጣት ያወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ሰው የሚያምነኝ አያዳላም ብሎ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሁለት የኮርያ አልበሞች ለማወዳደር የበቃሁትም በዚሁ ሰበብ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቤቴ ጸጥ ያለ ጊዜ ነው። የልጄ ልጅ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠች ጓደኛ አለቻት። የጓደኛዋ አባት መኪና ጠጋኝ ነው፤ ከእኔ ማሳ በታች ቁራሽ መሬት አለው። እኛ እስላም እነሱ ክርስቲያን ነን፤ ልጅቱ ግን በረመዳን ከእኛ ጋር ታፈጥራለች፣ የእኔዋም በፋሲካ ከዚያ ቤት አትጠፋም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስልኩን ግቢዬ ውስጥ ግንድ ላይ ያቆሙና የኮርያ ሴቶች ሲጨፍሩ እያዩ አብረው ይጨፍራሉ። ወልድያ ድረስ ሄደው የዘፋኞቹን ፎቶ አሳጥበው ግድግዳዬ ላይ ለጥፈውልኛል። ኮርያ ሲባል እኔ የማውቀው የዘመቱ ሰዎች ስለ ብርዱ ያወሩትን ብቻ ነበር፤ ለካ እንዲህም ይጨፈርበታል!

ከዚያ ጓደኛዋ መምጣት አቆመች። አንድ ቀን ሁለት ቀን እያለ ዘጠኝ ቀን ሆነ። የእኔዋ ምሳዋን እየነካካች ትተወዋለች።

"ምን ሆናችሁ?" አልኳት።

"እሷን ይጠይቋት።"

"አንቺን ነው የጠየቅሁት።"

ቀስ በቀስ ወጣ። ሁለት ቡድኖች በአንድ ሳምንት አዲስ አልበም አውጥተዋል። የእኔዋ የምትወዳቸው አምስት ሴቶች ናቸው፤ ጓደኛዋ የምትወዳቸው ደግሞ ሰባት። ለትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ በዓል ሁለቱ ልጆች መድረክ ላይ ሊጨፍሩ ተመዝግበዋል፤ በየትኛው አልበም እንጨፍር ሲሉ ተጣሉ።

"ሰባቱ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ነው የሚያቃስቱት አልኳት።"

"እሷስ ምን አለች?"

"የአንቺዎቹ የወፍጮ ቤት ሞተር ናቸው አለችኝ። አባባ፣ የወፍጮ ቤት!"

ሳቄን በጋቢዬ ሸፈንኩት። ቀና ስል ግን ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ዘፈን ያልፋል፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የመጣች ጓደኛ በዘፈን ሰበብ እንዳትቀር ፈራሁ።

"ሁለቱንም አምጪ" አልኩ። "እኔ ሰምቼ እፈርዳለሁ።"

"እርስዎ?" አለች። ፊቷ ግን ትንሽ ፈካ። አያቷ ነኛ፤ ከእሷ ሌላ ለማን እፈርዳለሁ ብላ ነው።

በማግስቱ ወደ ጋራዡ ወረድኩ። ጓደኛዋ በርሜል ላይ ተቀምጣ ታጠናለች፤ ከአባቷ ከመኪና ሥር የወጣ እግር ብቻ ነው የሚታየው። የመጣሁበትን ስነግራት ደብተሯን ዘጋች።

"አባባ፣ አይቀየሙኝና እርስዎ የእሷ አያት ነዎት። የሚፈርዱት ለእሷ ነው።"

"ውሃ ለልጄ አዳልቼ አውቃለሁ?"

"ውሃና ዘፈን አንድ ነው እንዴ?"

እግሩ ከመኪናው ሥር ተናገረ፤ "የውሃ አባት! ዛሬ ደግሞ የዘፈን አባት ሆኑልን?"

ልጅቱ እየሳቀች እጇን ዘረጋች፤ ስልኬን ተቀብላ የሰባቱን አልበም ጫነችልኝ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክታ የት ተጭኜ እንደማስጀምር፣ የት ተጭኜ እንደምደግም አሳየችኝ። የአምስቱን የእኔዋ ቀድማ ጭናልኛለች።

ሁለት ነገር ሲወዳደር እኩል መፈተን አለበት ብዬ አምናለሁ። ሁለት በሬ ብገዛ አንዱን ለም መሬት ላይ፣ ሌላውን ድንጋይ ላይ አልሞክርም። ስለዚህ ሁለቱንም በውሃ ተራዬ፣ ያንኑ ሽንኩርት እያጠጣሁ ልሰማ ወሰንኩ። ሰኞ አምስቱን፣ ሐሙስ ሰባቱን።

ሰኞ የአምስቱ አልበም እንደተጀመረ ከበሮው ሆዴ ውስጥ ገባ። ዘፈን ከዘፈን ትንፋሽ አይሰጥም። አንዷ ገበያ እንደደራለት የከብት ደላላ ቃሉን ታዥጎደጉደዋለች፤ ሌሎቹ ከኋላ እየጮኹ ያበረቷታል። አካፋዬ ሳላዘው ይሄዳል። አልበሙ ሲያልቅ ዘጠኝ ትልም አጠጥቼ ጨርሻለሁ፤ የከሰዓቱ የአስር ሶላት ገና ነው። ወላሂ ከጎረምሳ ጋር ብወዳደር አሸንፍ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ፤ አራተኛውን ዘፈን ከሁለተኛው መለየት አቃተኝ። አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

ሐሙስ ሰባቱን ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች አልወደድኳቸውም፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ሆኑብኝ። የልጄ ልጅ እውነቷን ነው፣ ማቃሰት አለበት። ሦስተኛው ላይ ጭብጨባ ገባ፤ ጭብጨባው መንዙማ ስለሚመስል ትንሽ ራሴን ነቀነቅሁ። አራተኛው ሳላስተውለው አለፈ። አምስተኛው ላይ ከበሮው ጠፋ። አንዲት ሴት ብቻዋን ጀመረች፤ ድምፅዋ ስስ ነው፣ እንዳይሰበርባት የምትፈራው ነገር የያዘች ይመስላል። ከዚያ ሌላዋ ከሥሯ ገባች፣ ከዚያም ሌላዋ። መጨረሻ ላይ ዜማውን ዝቅ ሲያደርጉት እናቴ አምባሰል ስታንጎራጉር ዝቅ እንደምታደርገው ሆነብኝ። ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ አንድ ቃል አልገባኝም። አካፋዬን ተደግፌ ቆምኩ። ሲያልቅ መድገሚያውን ተጫንኩ። እንደገናም ተጫንኩ።

ቀና ስል መኪና ጠጋኙ ከታች ማሳው ላይ ሁለት እጁን ያወዛውዛል። ሰላም ይለኛል ብዬ እኔም እጄን አነሳሁ። እሱ የባሰ አወዛወዘ። ዛሬ ምን ደስ አለው ብዬ እኔም ጨምሬ አወዛወዝኩለት። ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሮጠ ሲመጣ ነው እግሬ ሥር ያየሁት። ውሃው ትልሙን ሞልቶ፣ ድንበሩን ጥሶ፣ ወደ እሱ ማሳ ወርዷል። ሰውዬው ነቅሎ እንዲደርቅ መሬት ላይ ያሰጣው ቀይ ሽንኩርት እየተንሳፈፈ ነው።

"የውሃ አባት!" ይላል። "አምና ለአንዲት ጀሪካን ውሃ ሙሉ ቀን ደለል ያስጠረጉኝ እርስዎ አይደሉም? ይኸው ሽንኩርቴ ይዋኛል!"

"አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ" አልኩና ቦዩን ልዘጋ ሮጥኩ። በዚህ ጉልበቴ ሩጫ ከተባለ።

ልጅቱም ከአባቷ ጋር ሽንኩርት ስታሰጥ ውላ ነበርና ተከትላው መጣች። ልትቆጣኝ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ማዳመጫውን አየችና አንዱን ከጆሮዬ ነቅላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ዘፈኑ ገና አላለቀም፤ አምስተኛው፣ ስሱ።

"አባባ! ይቺን እየሰሙ ነው?"

"ለሦስተኛ ጊዜ" አልኩ። ምን ብዬ እዋሻለሁ?

ልጅቱ አባቷንም ሽንኩርቱንም ትታ ወደ ቤቴ ፈረጠጠች። እኛ ሽንኩርቱን ከውሃ እየለቀምን ሳለ ሁለቱ እየተጯጯሁ ሲመጡ ሰማኋቸው። ከሁለት ሳምንት ገደማ ኩርፊያ በኋላ አንድ ላይ! በዚያ ሰዓት ሽንኩርቱ ሁሉ የእኔ ቢሆንና ወንዝ ቢወስደው ግድ አልነበረኝም።

"አባባ፣ በእኔ ላይ ፈረዱ?" አለች የልጄ ልጅ፣ ወገቧን ይዛ።

"ምን ላድርግ? በአንቺዎቹ ዘጠኝ ትልም ሳጠጣ ጠብታ አልፈሰሰም። በእነዚህ ጎርፍ መጣ።"

"እና ጎበዞቹ የእኔዎቹ ናቸዋ! ሥራ አላስፈቱዎትም!"

"ዘፈን ነው ወይስ አካፋ የምታወዳድሪው?" አለች ጓደኛዋ።

"ይግባኝ እላለሁ!"

"መጀመሪያ ሽንኩርቴን ልቀሙ" አለ አባትየው። ለቀሙ። ደረቅ መሬት ላይ ዘርግተን በየተራ ስናገላብጠው ዋልን፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጥቂት ብቻ ነው የተበላሸው፤ ለተበላሸው ከራሴ ማሳ ነቅዬ ተካሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት አካፋዬን ይዤ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ማንም አልፈረደብኝም፤ ሕጉ የእኔው ነው። ያልፍ ያገድም የነበረው ባለማሳ ሁሉ ሳይተርበኝ አላለፈም። "የኮርያው አባት፣ በርቱ!" ይለኛል። ሁለቱ ልጆች ዳር ላይ ተቀምጠው ደለሉን በቁና እያነሱ ይጥሉልኛል፣ ስልኩም መሃላቸው ነው።

"ለመድረኩ የአንቺን እንውሰድ" አለች ጓደኛዋ ድንገት።

የእኔዋ በጥርጣሬ አየቻት። "አዘንሽልኝ?"

"አላዘንኩም። በእኔዎቹ ከጨፈርን ሰው ሁሉ እንደ አባባ ፈዞ ይቀራል። ማን ያጨበጭብልናል?"

የእኔዋ ጭቃ አንስታ ወረወረችባት፤ እሷም መለሰች፤ ግማሹ እኔ ላይ አረፈ። ከዚያ የአምስቱን ዘፈን ከፍተው በዚያው ዳር፣ በጭቃ እግራቸው መለማመድ ጀመሩ። ፊት ማን ትቁም በሚለው ወዲያው ሌላ ክርክር ተነሳ፤ "አባባ፣ ይፍረዱና!" ብለው ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አልሰማሁም ብዬ ደለሌን ቀጠልኩ፤ ገና ግማሹ ይቀረኝ ነበር።