ጉማሬው ወዴት እንደሚሮጥ

ዘመኑ የደርግ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። የፎገራ ሜዳ ውሃው ሸሽቷል፤ ጭቃው ግን ገና አልጠነከረም። ቁሐር ሚካኤል ግድም የአያ ፈንቴ ሩዝ ሊያሽት ምንም አልቀረው። ሩዝ ያኔ ላገራችን አዲስ እህል ነው። እኛ ሳንለምደው ጉማሬ ለመደው። ከጉማራ ወንዝ እየወጣ ሌቱን ሲግጥ ያድርና ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። አያ ፈንቴ ስድስት ልጅ ያሳድጋል፤ የእርሻው እኩሌታ ተግጦ አልቋል። ገበሬ ማኅበሩ አዳኝ ነህ ብሎ ጠራኝና አንድ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ከአምስት ጥይት ጋር ሰጠኝ። ጅግራ የምመታ መስሏቸው እንደሆነ እንጃ።

ይህ እንዳይበቃኝ መምህር ደጉን ጨመሩልኝ። ወረታ የሚያስተምር፣ ሰዓት ያሰረ፣ ደብተር ከእጁ የማይለይ ወጣት ነው። «ተማሪዎቼን ስለ እንቅስቃሴ እያስተማርኋቸው ነው፤ የጉማሬውን ፍጥነት ልለካ» ብሎ ሊቀመንበሩን አስፈቀደ። ሊቀመንበሩ ትምህርት የተባለ ነገር ሁሉ ይፈቅዳል። እኔን ማን ይጠይቀኛል?

የጉማሬ መንገድ አይታችሁ እንደሆነ ሁለት ቦይ ነው። የግራ እግሩ አንዱን፣ የቀኝ እግሩ ሌላውን ይቆፍራል፤ መሃሉ ላይ ሣር ይቀራል። መምህር በዚያ መንገድ ዳር ሁለት ችካል ተከለ፤ በመካከላቸው ሁለት መቶ እርምጃ ቆጠረ። ሁለት ማለዳ ርቀን ተቀምጠን አየነው። አውሬው ጠግቦ ሆዱን እየጎተተ ሲመለስ ከችካል ችካል አራት ደቂቃ ፈጀ። መምህር ደብተሩ ላይ አካፈለና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ይንፏቀቃል እንጂ አይሄድም። እርስዎ እንኳ ይቀድሙታል።»

እርስዎ እንኳ አለኝ።

«ወዴት እንደሚሄድስ ጽፈሃል?» አልሁት።

«ወዴትም ይሂድ፣ ፍጥነቱ ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ጠግቦ ሲያዘግም ሌላ ነው፤ ደንግጦ ወደ ውሃው ሲሮጥ ሌላ ነው። ከሱና ከውሃው መካከል የተገኘ ሰው አለቀለት።»

«እኔ የለካሁትን ነው የምናገረው፣ ጋሼ» ብሎ ደብተሩን ዘጋ። ከደብተር ጋር ምን ብዬ ልከራከር?

በሦስተኛው ማለዳ ጭጋግ ሜዳው ላይ ተኝቷል። አያ ፈንቴም አብሮን ነበር፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን፣ ከመንገዱ ወደ ጎን ርቀን፣ ከአንድ ጉብታ ጀርባ አደፈጥን። መምህርን ከኋላዬ አስተኛሁትና «እንዳትነሣ» አልሁት። ጉማሬው ከሩዙ ወጥቶ መንገዱን ሲይዝ ዞር ብል መምህር የለም። ወንዙ አጠገብ ካለው ችካል ዘንድ፣ መንገዱ መሃል ቆሞ ሰዓቱን ያያል። በእጄ ጠራሁት። ጣቱን አነሣና ቆይ አለኝ። እኔን፣ በዚያ ሜዳ ሃያ ዓመት ያደንሁትን፣ ቆይ። እንደገና ጠራሁት፤ እንደገና ጣቱን አነሣ። ደሜ ፈላ።

አያ ፈንቴ በሹክሹክታ «ኧረ ትንሽ ታገሥ፣ ልጁ ይምጣ» አለኝ።

ተኮስሁ።

ከጆሮው ሥር መግባት የነበረበት ጥይት ትከሻው ላይ አረፈ። አውሬው አጓራና በመንገዱ ተንደረደረ። ያንን የሚጎተት ሆድ ያየ ሰው አያምንም፤ ጭቃው ወደ ላይ ይረጫል፣ የተኛንበት መሬት ይንቀጠቀጣል። መምህርም ሮጠ። ወዴት ቢባል በዚያው መንገድ፣ ወደዚያው ወንዝ፣ ከጉማሬው ፊት ፊት። «ወደ ጎን፣ ወደ ጎን» እያልሁ ጮህሁ። ከጉማሬ የሚያመልጥ ሰው መንገዱን ይለቅለታል እንጂ አይሽቀዳደመውም። ሊደርስበት ሦስት እርምጃ ሲቀረው ሰማኝና ወደ ግራ ተወረወረ። አንድ እግሩ ግን መንገዱ ላይ ቀረ። አጥንቱ ሲሰበር እኔ ካለሁበት ተሰማኝ። ጉማሬው ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ዞሮ እንኳ አላየውም።

በቃሬዛ ተሸክመን ወረታ ጤና ጣቢያ ስናደርሰው፣ ላቡ እየተንቆረቆረ፣ «ጋሼ፣ በስንት ሰከንድ ደረሰብኝ?» ይለኛል። እኔ ሰከንድ ልቆጥር!

ጉማሬው በማግሥቱ ወንዙ ላይ ተንሳፍፎ ተገኘ። ቆዳው አለንጋ ሆነ፤ አያ ፈንቴ የቀረችውን ሩዝ አጨደ፤ እኔም ተመሰገንሁ።

መምህር እግሩ ሲጠገን አጠረ። ክፍሉ ተመልሶ «ምን ያህል ይፈጥናል ብላችሁ አታብቁ፤ ወዴት የሚለውን ጨምሩበት። እኔ የተረፍሁት ጋሼ ወዴት እንደምሮጥ ስለነገሩኝ ነው» እያለ ያስተምር ጀመር። በየዓመቱ ለጥምቀት እያነከሰ ይመጣና ጉልበቴን ይስማል። እኔም ፊቴን አጠቁራለሁ። እናንተ በሱ ተናድጄ ይመስላችኋል።

ልጆች፣ የተናደደ አዳኝ ጣቱን ከቃታው ያውርድ። መምህር አውሬው ወዴት እንደሚሮጥ አያውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር። መንገዱ ላይ ማን እንደቆመም አይ ነበር። አያ ፈንቴ ታገሥ እንዳለኝ ለማንም ሳይናገር ሞተ፤ እኔም እስከ ዛሬ ለመምህር አልነገርሁትም።