ሃያ ደቂቃ የሚቀድመው ሰዓት

የሰዓት ሠሪው ቤት ሰዓት ውሸታም ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ይስቅበታልም። ሰውየው ከፎቶ ቤቱና ከጫማ መሸጫው መሀል በተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው በማታስገባ ሱቁ ውስጥ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሰው ሰዓት እስከ ሰከንዱ ሲያስተካክል ይውላል። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ይጠብቀዋል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ያስቀደመው እሱ ራሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንዲት ልጁ ትምህርት ቤት የገባች ዓመት ነው። ልጅቱ እግር ካወጣች ጀምሮ ቀስ ብላ ስትሄድ ያያት ሰው ስለሌለ ሰፈሩ እንደ አውሮፕላን ናት ሲል «ጢያራ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ጢያራነቷ ግን ጠዋት ጠዋት አይሠራም። እናት ትለምናለች፣ አባት ይቆጣል፣ ብርድ ልብሱ ይገፈፋል፣ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። ቢቸግረው አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጥቶ ሰዓቱን ሃያ ደቂቃ አስቀደመው። ተንኮሉ የሠራው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ልጅቱ ነቃችበትና ሃያውን መቀነስ ለመደች። እናትም ትቀንሳለች፣ አባትም ይቀንሳል። ጎረቤት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከጠየቀ «በኛ ነው በሰው?» ይባላል። ሰዓቱን መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ይሄም ቤት ውሸቱን ይዞ አሥራ አንድ ዓመት ከረመ።

ጢያራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ልቧ ደመና ላይ ነበር። የአየር ጠባይ ማጥናት ትፈልጋለች። ገና በልጅነቷ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አስቀምጣ የዝናብ ውሃ ትለካ ነበር፤ ጠርሙሱ ላይ መስመሮቹን በቀጭን መርፌ የጫረላት አባቷ ነው። ታዲያ ይህ ትምህርት የሚሰጠው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሆነና፣ እሱም በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ሆነ።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጹ የመጣ ዕለት ሦስቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ቅጹ ላይ ሁለት ክፍት ቦታ አለ፤ ከታች ደግሞ የወላጅ ፊርማ።

«ለደመና ብለሽ ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ?» አለ አባት። «ደመናው እዚህ የለም እንዴ? ቀና ማለት ነው እኮ።»

«አባዬ ደግሞ! ማየትማ ማንም ያያል። ቁም ነገሩ ቀድሞ ማወቅ ነው።»

«መቅደምማ የዘር ነው» አለች እናት፣ በአገጯ ወደ ግድግዳው እያመለከተች።

ተሳሳቁ። ጢያራ አንደኛው ቦታ ላይ የሩቁን ጻፈች፤ ሁለተኛው ላይ እዚሁ ከሱቁ ከፍ ብሎ ባለው ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ ብላ ሞላች። ሰዓት ሠሪው ፈረመ። የቅርቡን ኮሌጅ ማንም ሳይልከው ሁለት ጊዜ ሄዶ አይቶታል። ከበሩ እስከ ሱቁ የዘጠኝ ደቂቃ መንገድ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ደብተሯን አቅፋ ስትመጣ፣ ባንኮኒው ላይ ቦታ ጠርጎ ሲያስቀምጣት፣ አብረው ሲበሉ በሐሳቡ ስንት ጊዜ አይቷል! ይህን ለሰው አልተናገረም። አባት ሆኖ ልጁን «አትሂጂብኝ» ማለት አሳፍሮት ሆዱ ውስጥ ቀበረው።

መርዳቱን ግን ረዳት። እሑድ እሑድ ሱቁን ዘግቶ የሩጫ መለኪያ ሰዓቱን ይዞ ይመጣና የድሮ ፈተና ያስፈትናታል። የሒሳብ ጥያቄውን ራሱን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ጊዜውን ነው። «ጀምሪ!» ይላል፤ ጊዜው ሲያልቅ «እርሳስ አስቀምጪ!» ይላል። አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀርታት ዓይን ዓይኑን ብታየው እንኳ አይራራላትም። እናት ከጓዳ ሻይ ይዛ ስትወጣ «አንተ ሰውዬ፣ ዳኛ ነህ አባት?» ትለዋለች። ጢያራ በመጨረሻዎቹ ወራት ስድሳውንም ጥያቄ ጨርሳ አምስት ደቂቃ ይተርፋት ጀመር።

ፈተናው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሱቁ ድረስ መጣ። «ተፈታኞች ስልክም የእጅ ሰዓትም ይዘው አይገቡም። ሁሉም የሚያየው የግድግዳውን ሰዓት ነው፤ አንዱ ከአንዱ ከተለያየ ጉድ ይፈላል። ዛሬውኑ አስተካክልልኝ፤ ነገም ማልደህ ና፣ ምናልባት አንዱ ቢቆም» አለው።

ሰዓት ሠሪው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መሰላል ተሸክሞ ከክፍል ክፍል ዞረ። አሥራ አራት ሰዓት አስተካከለ፤ አሥራ አራቱም እኩል መሄዳቸውን አይቶ ደስ አለው። ቤቱ ሲደርስ ልጁ በጊዜ ተኝታለች። ስልኳን እንዳያዘናጋት ብላ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ለእናቷ አስረክባለች። እናትም ዳቦ ቤት ሠራተኛ ስለሆነች፣ ጎህ ሳይቀድ ስለምትወጣ፣ ጋደም ብላለች። ሰውየው ሳሎኑ መሀል ቆሞ ግድግዳውን አየ። የሰውን ልጅ ሁሉ ሰዓት አስተካክዬ የራሴን ልጅ በውሸት ሰዓት ልሰዳት? ብሎ አሰበ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ወንበር ላይ ወጣ፣ ሃያ ደቂቃውን መለሰው፣ መስታወቱን በእጅጌው ወለወለና ተኛ። ለማንም አልተናገረም። ጠዋትም ልጅቱ ትንሽ ትተኛ ብሎ ኮቴውን አጥፍቶ ወጣ።

ፈተናው የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ተፈታኙ በበሩ ይጎርፋል፤ ወላጅ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሰዓት ሠሪው ከበሩ አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን ፊት ያያል። ሩብ ሆነ። ጢያራ የለችም። ሃያ አምስት ሆነ። የለችም። ደወሉ ተደወለ። ታመመች? መኪና ገጫት? ወደ ቤት ልሩጥ ወይስ እዚሁ ልጠብቅ ሲል፣ ባዶው መንገድ ጫፍ ላይ ስትሮጥ ታየች። እንዲያ ስትሮጥ አይቷት አያውቅም።

«ምነው ልጄ! ምን ሆንሽ?»

«ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው የወጣሁት! ቀንሼ ነው እኮ አባዬ፣ ቀንሼ ነው!» አለችና አልፋው ገባች።

ሰዓት ሠሪው ክው አለ። ከቤት ስትወጣ ግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓት ከአምስት ይላል፤ እሷ አሥራ አንድ ዓመት እንደለመደችው ሃያውን ቀንሳለች። በስንት ዓመቱ አንድ ቀን እውነት የተናገረውን ሰዓት እንደ ውሸታም ቆጥራዋለች። ፍተሻው፣ ክፍል ፍለጋው ተጨምሮ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው አሥራ ሁለት ደቂቃ አርፍዳ ነው። ፈታኟ አስገብተዋታል፤ ጊዜ ግን አይጨመርም። ከፊት ለፊቷ አባቷ ያስተካከለው ሰዓት ይሄዳል። ከስድሳው ጥያቄ ስምንቱን ሳትነካ እርሳስ አስቀመጠች።

የፈሩት ይደርሳል። ውጤቱ ሲመጣ ለሩቁ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ነጥብ ጎደላት። የተመደበችው እዚሁ፣ የሒሳብ አያያዝ ነው። ይህን ሱቁ ውስጥ በስልክ ሲነግሩት፣ ሐዘኑ ከመምጣቱ በፊት፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ደስ አለው። ልጄ አትሄድም! ባንኮኒው ላይ ቦታ ሊጠርግ እጁን ሲዘረጋ ራሱን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ያ ደስታ እንደ እሾህ ውስጡ ተሰንቅሮ ቀረ። ያን ማታ ወንበር ላይ የወጣሁት በእርግጥ ለሷ ብዬ ነው? እያለ ራሱን ይጠይቃል። የሚጠግነው ሰዓት ላይ አፍጥጦ ብሎን ይጥላል።

ጢያራ አላለቀሰችም፣ አልወቀሰችም። ጣሪያው ላይ ያለውን ጠርሙስ ብቻ አንድ ቀን አውርዳ አጠበችውና ጓዳ አስቀመጠችው። ብዙም ሳይቆይ ጨው ተሞላበት። እራት ላይ አጠገቡ ተቀምጣ ጨው አቀብሉኝ ስትል ያንን ጠርሙስ ያቀብላታል፤ የጫራቸው መስመሮች ጣቱ ላይ ይሰሙታል። አጠገቡ ተቀምጣ ትናፍቀው ጀመር። ልጅ በአውቶቡስ ሳይሄድም እንደሚርቅ ያኔ ገባው።

ኮሌጁ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው አልቻለም። ጨዉን ሳህን ላይ ገለበጠና ባዶውን ጠርሙስ ፊቷ አስቀመጠ።

«ሰዓቱን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሳልነግርሽ።»

«አውቃለሁ አባዬ። የዚያኑ ዕለት ከስልኬ ጋር አስተያይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብነግርህ መፍቻህን ለሁልጊዜው ትጥለው ነበር።»

ለአባት ከባዱ ገና ነው። «ሌላም አለ። እዚህ መቅረትሽን ስሰማ… ደስ ብሎኝ ነበር። ትንሽ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

እናት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጢያራ አንገቷን ደፍታ ጠርሙሱን አዟዟረችው። ድምፅዋ ሲወጣ የልጅነቷ ድምፅ ነበር። «እኔም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ፈርቼ ነበር መሰለኝ።»

ሦስቱም አለቀሱ። ቀድማ እንባዋን የጠረገችው እናት ናት። «በሉ ይበቃል! አባትና ልጅ ስትተዛዘኑ ሻዩ ቀዘቀዘ። ጨዉንም ማን ሊሰበስበው ነው?» አለች። ሰዓት ሠሪውም፣ ዓይኑ ገና ሳይደርቅ፣ «ዘንድሮ በግልሽ ደግመሽ ትፈተኛለሽ። እሑድ እንጀምራለን» አለ። እንዲህ ሲል ምን እየሰጠ እንደሆነ ያውቃል።

ጢያራ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። «ሰዓቱን ወደ ውሸቱ መልስልን።» መለሰው።

ዓመቱን ሙሉ «ጀምሪ» እና «እርሳስ አስቀምጪ» ሲል ከረመ። እያንዳንዱ እሑድ እሷን ወደ አውቶቡሱ እንደሚያቀርባት እያወቀ አንዲት ደቂቃ አልሰረቀባትም። በሁለተኛው የፈተና ጠዋት ራሱ ይዟት ወጣ። ሲደርሱ በሩ ገና አልተከፈተም፤ ዘበኛው በመፋቂያ ጥርሱን እየፋቀ ብቅ አለና «አባቴ፣ ፈተናው ጠዋት ነው፤ ሌሊት አይደለም» ብሎ ቀለደባቸው። አባትና ልጅ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አንድ ዳቦ ለሁለት እየቆረሱ በሉ። እሷ ደመናውን እያየች «ከሰዓት ይዘንባል» አለች። እሱ ደመናውን አላየም፤ እሷን ነበር የሚያየው። ከሰዓት በኋላ ዘነበ።

ነጥቧ ሞልቶ ተረፈ። አውቶቡሱ የተነሳው በሰዓቱ ነው፤ ሌላ ጊዜ የሚያረፍድ አውቶቡስ ያን ቀን በሰዓቱ ተነሳ። ጠርሙሱን በሹራብ ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

አሁን ጠዋት ጠዋት የሚለመን ሰው የለም። እናት ሰዓቱ ከእንግዲህ ለማን ይዋሻል ብላ አንድ ሁለቴ ጠይቃዋለች፤ እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል። ጢያራ እሑድ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ትደውላለች። አንድም ቀን አሳልፋ አታውቅም፣ ቀድማም አታውቅም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሲመታ ሰዓት ሠሪው የያዘውን ያስቀምጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ስልኩን ፊቱ አድርጎ ይቀመጣል።

«ገና ሃያ ደቂቃ አለህ እኮ!» ትለዋለች ሚስቱ።

«አውቃለሁ» ይላል። አይነሳም።