አያቴ የመረጡልኝ ቋንቋ

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአማርኛ የሚያስተምር ክፍል ለመክፈት ታስቦ፣ ልጆቻችንን እናስገባ እንደሆነ የሚጠይቅ ፎርም ከካውንቲው ትምህርት ቢሮ መጣልን። «ተመስገን» አልኩ፤ መፈረሚያው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ።

ልጅ ሳለሁ፣ እንጅባራ አጠገብ፣ የወረዳ ሰዎች በአገውኛ የሚማሩ ልጆችን ሊመዘግቡ ቤታችን መጡ። አያቴ አውራ ጣታቸውን ወይን ጠጅ ቀለም አስነክተው ቅጹ ላይ «አማርኛ» ከሚለው ፊት አተሙ።

«የእኛስ ቋንቋ፣ አባባ?» አልኳቸው።

«እሱን እኔ ቤት አስተምርሻለሁ፤ የት እሄዳለሁ?» ብለው ሳቁ።

በዓመቱ አረፉ። ዛሬ አገውኛ እሰማለሁ፣ መናገር ግን አልችልም። ተምሬ እዚህ የደረስኩትም በዚያው በአማርኛ ነው።

ልጄን «ትገቢያለሽ?» አልኳት።

«ኖ፣ ማሚ! ፍሬንዶቼ እዚያ አይገቡም።»

ፎርሙ ነገ መመለስ አለበት። አያቴ ያኔ ልክ ነበሩ ወይስ ተሳስተው ነበር? ብጸልይበትም አልለየልኝም።