ኤርሚን የሸጠችው ጸጥታ

ኤርሚን ላፋርግ በዚህ ዓለም ላይ ከምንም በላይ የምትጸየፈው እርጥብ የብስክሌት ቁምጣ ነበር። መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት፣ ቀኑን ሙሉ ላብ ሲጠጣ የዋለ፣ እንግዶቿ ማታ ለቅለቅ አድርገው የጽጌረዳዋ አጥር ላይ የሚያሰጡት ቁምጣ። ጠዋት መስኮት ስትከፍት መጀመሪያ ዓይኗ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ንጹሕ አየር ልትስብ ብቅ ብላ የሰው መቀመጫ ታሸታለች። "እነዚህ ሰዎች ቤታቸውም እንዲህ ናቸው?" ትልና ፊቷን አስተካክላ ቁርስ ልታቀርብ ትወርዳለች።

ቤቷ የቬርናሳክ የድሮ ባቡር ጣቢያ ነው። ባሏ የጣቢያው ኃላፊ ነበር። ባቡሩ ሲቀር ሐዲዱ ተነቀለ፤ ባሏም ብዙ ሳይቆይ አለፈ። በሐዲዱ ፈንታ ለስላሳ መንገድ ተነጠፈና መኪና እንዳይገባበት ዳርና ዳሩ በእንጨት ታጠረ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ወጥቶ ሙቀቱ ሲመጣ ከፓሪስ ነው፣ ከሆላንድ ነው፣ ሕዝቡ በብስክሌት ይጎርፋል። ጸጥታ ፍለጋ ነው የሚመጣው። መጥቶም ሲለፈልፍ ያመሻል፤ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ኮርቻው፣ ኮርቻው ስለላጠው ቦታ፣ ያውም እሷ ሾርባ እየጨለፈች። መንገዱ ላይ ሽንት ቤት ስለሌለ ከጣቢያው አሮጌ የውሃ ጋን ጀርባ ቁጢጥ ይሉና ወረቀቱን እዚያው ጥለው ይነሳሉ። እሱን በየሳምንቱ በመቆንጠጫ የምትለቅመው ኤርሚን ናት።

ስትለቅም ቆሞ የሚስቅባት ደግሞ ፈርናን ነበር። ፈርናን ከባሏ ጋር ሐዲድ ሲጠግን የኖረ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው፣ ከመንገዱ ማዶ ባለችው የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ጎጆ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ሁልጊዜ ማታ ማታ እየመጣ ማድ ቤቷ ውስጥ አንዲት ብርጭቆ የፕሪም አረቄ ይጠጣል።

"የዛሬው ከማን ነው? ከዚያ ከሆላንዱ?" ይላታል።

"አንተ ሰውዬ ዝም በል፣ ራቴን አልበላሁም።"

"እኔ እኮ ዕድሜዬን ሜዳ ላይ ነው የፈጀሁት፤ ግን አካፋ ነበረኝ። ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ ብስክሌት ላይ አፍስሶ ለአካፋ ያጣል?"

ኤርሚን ሳቋን መያዝ አትችልም። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷን የሚያስቃት ፈርናን ብቻ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነገር የመጣው አንድ ዓመት በሙቀቱ ወራት ነው። አንዲት የፓሪስ ሴት ቁርስ ላይ ዓይኗን እያሸች፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያ ደወል ጠዋት ጠዋት የግድ ነው?" አለች። ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ሌላው። ከደጇ ላይ "መኪና የለም፣ ጫጫታ የለም" የሚል ሰሌዳ የሰቀለችው ራሷ ኤርሚን ናት። ሄዳ ለከንቲባው ነገረችው። ከንቲባው ሉዶቪክ ካስታኝ እሱም "ጸጥተኛ መንደር" የሚባል፣ ጎብኚ የሚስብ ማዕረግ ለማግኘት ሲዋትት ስለነበር ሰበብ አገኘሁ ብሎ ደወሉን የሚያስደውለውን የኤሌክትሪክ ሳጥን አስቆለፈው። እስከ መስከረም መጨረሻ የቬርናሳክ ደወል እንዳይደወል ተወሰነ።

ፈርናን ሲሰማ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ "አንቺ ነሽ ያስዘጋሽው?" አላት።

"እንግዶቼን ልጣ?"

"ሂጂ ወዲያ! ላባቸውን ትጸየፊያለሽ፣ ሽንታቸውን ትጸየፊያለሽ፣ እንቅልፋቸውን ግን እንደ ሕፃን ታባብያለሽ።"

ተቆጥቶ ወጣና ቀናት ጠፋ። ከዚያ የራሱ አረቄ ሲያልቅበት ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ መጣ።

ነሐሴ ገባ፣ ፕሪም ደረሰ። በዚያ አገር ፕሪም ከደረሰ መንደር ውስጥ ሰው የለም፤ ሁሉም ጎህ ሲቀድ የፕሪም አትክልት ቦታው ውስጥ ገብቶ ዛፍ ሲያራግፍና ሲለቅም ይውላል። አንድ ዓርብ ጠዋት ኤርሚን ፈርናን ትናንት ማታ አለመምጣቱ ከነከናትና ወደ ጎጆው ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጫማውን ግማሽ አውልቆ ሞቷል። ሙቀቱ ክፉ ነው፤ ዝንቡ ቀድሟታል። የሰው ቁምጣ የሚያቅለሸልሻት ሴት፣ አፍንጫዋን እንኳ ሳትሸበሽብ ውሃ አሙቃ አጠበችው፣ ጢሙን ላጨችው፣ የሠርግ ቀሚስ እንደሚተኮስ ሸሚዙን ተኩሳ አለበሰችው። እያለበሰችውም ትሰድበው ነበር። "ማታ ብትመጣ ምን ነበር? አረቄው እኮ አለ" እያለች።

እዚያ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ደወሉ ሳይደወል "እገሌ ሞተ" ብሎ ስልክ መምታት ሰውን እንደማዋረድ ነው፤ ሟቹን ለአሉባልታ እንደመስጠት። መጀመሪያ የመርዶ ደወል ይደወላል፤ ለወንድ አንድ ዓይነት ነው፣ ለሴት ሌላ። በየአትክልቱ ያለው ሰው ቅርጫቱን ያስቀምጣል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ማታ ሟቹ ቤት ይሞላል። የሬሳ ሳጥኑንም በትከሻው የሚሸከም ጎረቤት ነው። ፈርናን ዘመድ የለውም፤ የነበረው ይህ ብቻ ነው።

ኤርሚን በምሳ ሰዓት ማዘጋጃ ቤት ደረሰች። ከንቲባው ሰማና ከልቡ አዘነ። ካህኑ አባ የሚያገለግሉት ብዙ መንደር ስለሆነ ያላቸው ጊዜ የነገ ጠዋት ብቻ ነው፤ ሙቀቱም አያቆይም። እንግዲህ ነገ መቀበሩ ነው።

"ደወሉስ?" አለች ኤርሚን።

"የሳጥኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ወይዘሮ ኤርሚን። ያስዘጉት እርስዎ ነዎት፤ ክፈት ካሉኝ አሁኑኑ እከፍተዋለሁ። ልደውል?"

ኤርሚን በመስኮቱ ወደ ጣቢያው አየች። ቤቷ ጢም ብሎ ሞልቷል። እንግዶቿ ከሌሊት ጀምረው ሲነዱ አድረው አሁን ገና ጋደም ብለዋል። የመርዶ ደወል ደግሞ ቶሎ አያበቃም፤ ቀስ እያለ፣ እየተንጠባጠበ ጆሮ የሚበላ ነገር ነው። በነሐሴ ተመልሳ የመጣችው ያቺ ፓሪሳዊት ዓይኗን እያሸች ስትወርድ ታያት። "ይቅር" አለች። "ማስታወቂያ ዳቦ ቤቱ ላይ እለጥፋለሁ። ሰው ዳቦ ሊገዛ ሲመጣ ያየዋል።"

"እንደፈቀዱ" አለ ከንቲባው፤ ኪሱ ውስጥ ሲነካካ የቆየውን ቁልፍም እዚያው ተወው።

በቬርናሳክ የሞተ ሰው ስም ከጥንት ጀምሮ የሚለጠፈው ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ኤርሚንም ወስዳ ለጠፈች። ዳቦ ጋጋሪው ግን እንደየዓመቱ ነሐሴን ዘግቶ ባሕር ዳርቻ ሄዷል፤ የለጠፈችው በተዘጋ መዝጊያ ላይ ነው፤ "ለእረፍት ዘግተናል" ከሚለው ወረቀት ጎን። ታውቅ ነበር። ዳቦ ራሷ ከሌላ መንደር ነው የምታስመጣው። እጇ ግን የለመደውን አደረገ፤ አዕምሮዋም ልመን ብሎ አመነ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የነበሩት አባ፣ ከንቲባው፣ የሬሳው መኪና ሾፌርና ኤርሚን ናቸው። ኤርሚን በየደቂቃው ዞር እያለች በሩን ታያለች። ማንም የለም። ጸሎቱ አለቀ፤ ሳጥኑን የሚያነሳ ጠፋ። ከንቲባው ላብ በላብ ሆኖ ወጣ፣ ትንሽ ቆይቶም አራት ሰዎች አስከትሎ ገባ። የኤርሚን እንግዶች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ ካለው ቧንቧ ውሃ ሲቀዱ ነው ያገኛቸው። ቁምጣው እዚያው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሮዝ። ራስ ቁራቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተዋል።

"ለእኛ ክብር ነው" አለ አንደኛው፣ ከሆላንድ የመጣ የጥርስ ሐኪም፣ በዝግታ።

ጨዋ መሆናቸው ባሰባት። ቢሳደቡ፣ ቢስቁ በተሻለ ነበር። ሳጥኑን አነሱ፤ አንዱ አጭር ስለሆነ ወደ እሱ ዘመመ። ከብስክሌት ጫማቸው ስር ያለው ብረት ድንጋዩ ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ እስከ መቃብሩ ድረስ ሄደ። ኤርሚን ከኋላ ተከተለች፤ ፊቷ ላይ የላባቸው ጠረን ይመጣባታል። ማዶ ካለው አትክልት ዛፍ የሚያራግፍ መኪና ድምፅ ይሰማል። ፈርናንን የሚያውቅ ሁሉ እዚያ ነው፤ ጮክ ብሎ ለተጣራ የሚሰማ ርቀት ላይ። ያን ጊዜ ልትጮህ ፈለገች። አፈረች፤ አልጮኸችም።

ማታ ራት ላይ ያቺ ፓሪሳዊት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ጓደኞቼ ነገሩኝ። ሰው ያልተጨናነቀበት፣ ጸጥ ያለ ቀብር! እኛ ከተማ ውስጥ ይህን አጥተናል እኮ" አለች። ኤርሚን ሳህኑን አንስታ ማድ ቤት ገባችና በሩን ዘግታ ማጠቢያው ላይ አስመለሳት።

በማግሥቱ እሑድ፣ እንግዶቹ ደጅ ተቀምጠው ራት ሲበሉ፣ ሌዎንቲን መጣች። ሌዎንቲን የማዶው የፕሪም አትክልት ባለቤት ናት፤ ከፈርናን ጋር ዕድሜ ልካቸውን ካርታ ሲጫወቱና ሲነታረኩ የኖሩ ናቸው። ቅርጫት ሙሉ ፕሪም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ያ ሌባ የት ገባ? ካርታ ላይ ሳይመጣ ቀረ፤ ጎጆው ብሄድ ተዘግቷል። እንደገና አኩርፎሽ ነው?"

"ሌዎንቲን፣ ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም፣ ወገቤ ተቆርጧል። የት ነው?"

"ሞተ። ትናንት ቀበርነው።"

ሌዎንቲን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረች። "ደወል አልሰማሁም" አለች።

"አልተደወለም።"

"እኔ እኮ ማዶ ነበርኩ! ሁላችንም ማዶ ነበርን! ማን ተሸከመው?" ኤርሚን ወደ ጠረጴዛው ዞር አለች፤ ሌዎንቲንም ተከትላ አየችና ገባት። ፊቷ ተኮማተረ። "ያ ባለጌ ነው አይደል? ከንቲባው ነው የከለከለው?"

አዎ ብትላት በቃ ነበር። መንደሩ በሙሉ ያምናታል፤ ከንቲባውን የሚወደው የለም።

"አይደለም" አለች ኤርሚን። "ቁልፉን ይዞ ልደውል ወይ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ይቅር ያልኩት። እንግዶቼ ተኝተው ነበር።"

ሌዎንቲን ከእግር እስከ ራሷ ቀስ ብላ አየቻት። ከዚያ በሰው ቤት አድርጋው የማታውቀውን ነገር አደረገች፤ ቅርጫቷን ከጠረጴዛው ላይ መልሳ አነሳች፤ ደህና እደሩም ሳትል ሄደች።

የጥርስ ሐኪሙ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ "ወይዘሮ ኤርሚን፣ ሴትዮዋ አመማቸው እንዴ?" ሲል ጠየቀ።

"አይ፣ ተጸይፋኝ ነው" አለች ኤርሚን። "ሾርባ ልጨምርልዎ?"