ከበርሜሎቹ መሐል ወደ አስፋልት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መኪና አላስነዱኝም። ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ የቡና እርሻ በሹፌርነት ተቀጠርኩ። የስምሪት ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጋሽ ወልዴ ይዩሽ» ብሎ ወደ ጋራዡ ሰደደኝ።

ጋሽ ወልዴ የጋራዡ ኃላፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሜዳ ላይ እንጨት እየተተከለ፣ በእንጨቶቹ መሐል መኪና እያጠማዘዙ የሚሽቀዳደሙበት ጨዋታ ነበር፤ እሳቸውም ተጫውተዋል። ያንን ጨዋታ ይዘውት ነው ቡና አገር የገቡት። በእርሻው ኳስ ሜዳ ላይ ባዶ በርሜሎች ደርድረዋል፤ አዲስ ሹፌር ሁሉ መጀመሪያ በዚያ መሐል ያልፋል።

«በእግርሽ ሂጂበት» አሉኝ።

«መኪናውስ?»

«መኪናው የትም አይሄድብሽም። መሬቱን መጀመሪያ እግርሽ ይወቀው።»

ዝናብ የጠጣ ሜዳ ነበር። የቱ ጋ እንደሚያዳልጥ፣ የቱ ጋ ውሃ እንደተኛ እያየሁ ዞርኩ። ጫማዬ ጭቃ ተሸክሞ ስመለስ የአንዲት ላንድክሩዘር ፒክአፕ ቁልፍ ሰጡኝና ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

«ጋቢና አይገቡም?»

«ሹፌር የሚለካው ከኋላ ነው።»

የመጀመሪያውን በርሜል ገጨሁት። «በርሜሉን ካየሽው ወደ በርሜሉ ነው የምትሄጂው፤ የምትወጪበትን እዪ» ብለው ከኋላ ጮኹ። በሁለተኛው ዙር ደግሞ «ፍሬን የሚያዘው መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው! ጎማው እየታጠፈ ሌላ ሥራ አትጨምሪበት!» አሉ። ሲወርዱ ወገባቸውን ይዘው ነበር።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። አንድ ቀን ዙሬን ጨርሼ ወርጄ ሳይ፣ ጋሽ ወልዴ ከኋላ ተቀምጠው ብርቱካን ልጠው እየበሉ ነው። ግማሹን ሰጡኝና «በይ፣ ከነገ ጀምሮ ስምሪት ትወጫለሽ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የጭቃ ዓመታት ናቸው። በቡና ለቀማ ሰሞን ለቃሚ ጭኜ ማሳ ለማሳ ዞሬያለሁ፤ የጌጫን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ወጥቼ በአንደኛ ማርሽ ወርጃለሁ። በዚያ መንገድ ላይ የሚፈለገው ፈጣን እጅ ነው። መኪናው ሲንሸራተት ቶሎ መሪውን ትመልሳለህ፣ እንደገና ትመልሳለህ። እኔም እጄ ፈጣን ሆነ።

ጋሽ ወልዴ ጡረታ ወጥተው ሚዛን ከተማ ልጃቸው ቤት ገቡ። እኔም በኋላ እርሻውን ለቅቄ እዚያው ሚዛን የአምቡላንስ ሹፌር ሆንኩ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሳላያቸው አላልፍም ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ የሚለዩኝ በድምፄ ሆነ።

አስፋልቱ ሲመጣ ሁላችንም ፈነጠዝን። በጭቃ ያዘግም የነበረው አምቡላንስ መብረር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ባልደረባዬ ኩርባ ላይ ተገለበጠ፤ በሽተኛውም እሱም በእግዜር ቸርነት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ነው ሥልጠና የመጣው። ተሠርቶ ያለቀ፣ ገና ለመኪና ያልተከፈተ መንገድ ላይ ወሰዱን። ያላለፈ ከአምቡላንስ ወርዶ የቢሮ መኪና እንደሚይዝ ተነገረን።

አሠልጣኛችን ናሆም የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት ነበር፤ ውጭ አገር በተዘጋ የውድድር መንገድ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ነድቷል። እኔ በልቤ «ከበርሜል በላይ ምን ሊያሳየኝ ነው?» ብዬ ነበር የገባሁት።

በመጀመሪያው ረጅም ኩርባ መሪውን እንደለመድኩት ቶሎ ሰበር አደረግኩት። የአምቡላንሱ ኋላ ከዳኝ። ዓለም በመስኮቱ ዞረችና ወደመጣንበት ዞረን ቆምን። ሞተሩን አጠፋሁት።

«ደህና ነሽ እህቴ?» አለ ናሆም። ትንሽ ቆይቶ «የት ነው የተማርሽው?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ በርሜሎቹ ነገርኩት።

«ያ ሜዳ ብዙ ሰጥቶሻል» አለኝ። «ኋላዋ ስትከዳሽ ዓይንሽ ከመንገዱ አልተነሳም፤ ደንግጠሽም ፍሬን አልረገጥሽም። ገደል ያልገባነው ለዚህ ነው። እጅሽ ግን ገና ኳስ ሜዳው ላይ ነው ያለው።»

በዚያው ቀን ከሥልጠናው ስመለስ ጋሽ ወልዴ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ በርሜል መሐል ከሁለተኛ ማርሽ አልፌ አላውቅም። የማላውቀውን ከየት አምጥቼ ልንገርሽ? ነገ ይዘሽኝ ሂጂ፤ ልጁን እንጠይቀው።»

በማግስቱ እጃቸውን ይዤ መጣሁ። ናሆም ብድግ ብሎ ጎንበስ አለና ሰላም አላቸው። ጋሽ ወልዴ ከአምቡላንሱ ኋላ ነርስ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ቀበቶ አስረው ተቀመጡ።

«በል አባቴ፣ እጇን ምን ታድርገው?» አሉት።

«ሜዳ ላይ ቢሳሳቱ ጊዜ አለ፤ ይመልሱታል። እዚህ ፍጥነቱ ትንሿን ስህተት ያገዝፋታል። ስለዚህ መሪውን አስቀድማ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ለስለስ አድርጋ ታዙረው። ፍሬኑንም ከለመደችው ቀድማ ትጨርስ። ዓይኗ ደግሞ ኩርባው የሚያልቅበት ድረስ ይሂድ።»

ጋሽ ወልዴ አሰቡ። «ያው ነው ለካ፤ ረዘመ እንጂ።»

ነዳሁ። መጀመሪያ እጄ እምቢ አለኝ፤ ናሆም «ቀስ፣ ቀስ» ይላል። በኋላ ግን መኪናዋ ኩርባውን ተደግፋ፣ ሳትወዛወዝ አለፈች። ስቆም ዞር ብዬ ባይ ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

«አመመዎት?»

«ኧረ የለም። ይህን ሳላይ ልሞት ነበር ብዬ ነው።» ዓይናቸው እንደማያይ ትዝ ያላቸው ከተናገሩ በኋላ ነው፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ሥልጠናውን አለፍኩ። ክረምት ሲገባ ከቱም በኩል የመጣች፣ ምጥ የያዛት ወላድ ወደ ጅማ ሆስፒታል ተላከች። ደም ይፈሳታል። አብራን ሲስተር ሰናይት አለች፤ የወላዷ ባል አጠገቤ ጋቢና ገብቷል። ቦንጋን እንዳለፍን ዝናቡ ወረደ።

«እህቴ፣ በማርያም ፍጠኚልኝ!» ይላል ባልየው።

ሲስተር ከኋላ በመስኮቱ «ደም ሥሯ ጠፋብኝ፤ እንዳታወዛውዢኝ!» ትለኛለች።

ኩርባ ላይ ውሃ ተኝቶ አየሁ። ፍሬኑን ገና ቀጥ ባለው ላይ ጨረስኩ። መሪው በእጄ ላይ ቀለል ሲለኝ ጎማው ውሃ ላይ ወጥቶ መሬቱን እንደለቀቀ ገባኝ። መሪውን አልመለስኩም፣ ፍሬን አልረገጥኩም፤ እግሬን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁና ጠበቅኩ። ጎማው መሬት ያዘ።

«አገኘሁት!» አለች ሲስተር። ግሉኮሱ ገባላት።

ጅማ አድርሰናት፣ እኔ አምቡላንሱ አጠገብ ቆሜ ስጠብቅ ባልየው ከውስጥ ወጣ። እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«አሉ፣» አለኝ። «እሷም ልጁም፣ ሁለቱም አሉ።»

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። ወጣት ሹፌሮች ስለ ፍጥነት ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጭር ነው። በቀስታ ያልተማረ እጅ በፍጥነት አይማርም። በቀስታ የተማረም ቢሆን ፍጥነቱ ሲጨምር ጠይቆ እንደገና መማር አለበት።